ግብ 2 ለብቻው ለምን አይበቃም?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ደስ አለኝ። የምትሠሪበት ድርጅት የምግብ ዋስትና ፕሮፖዛል ጻፊ ብሎሻል። ቅጹ ላይ ደግሞ ፕሮጀክቱ ከየትኞቹ የተባበሩት መንግሥታት ዘላቂ የልማት ግቦች ጋር እንደሚገናኝ የሚጠይቅ ክፍት ቦታ አለ። አንቺም «ግብ 2፣ ረሃብን ማጥፋት፣ ብዬ ልለፈው ወይስ ሌሎቹም ያገባቸዋል?» ብለሻል። ለዓመታት የቤተሰብ ጥናት መረጃ ስሰበስብና የፕሮጀክት ሪፖርት ስጽፍ ስለቆየሁ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ። ግብ 2 ብቻውን አይበቃም። 17ቱንም ግቦች መደርደር ግን ከዚያ የባሰ ነው።

መጀመሪያ ትንሽ ታሪክ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1996 ሮም ላይ በተካሄደው የዓለም የምግብ ጉባኤ መንግሥታት የተራቡ ሰዎችን ቁጥር እስከ 2015 በግማሽ ለመቀነስ ቃል ገቡ። ከአሁኖቹ ግቦች በፊት የነበሩት የምዕተ ዓመቱ የልማት ግቦች ሲመጡ ግን በግማሽ ይቀነሳል የተባለው የሰዎቹ ቁጥር ሳይሆን ከሕዝቡ ያላቸው ድርሻ ሆነ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሕዝብ እየጨመረ ሲሄድ ድርሻው በደንብ ወርዶ የሰዎቹ ቁጥር ያን ያህል ላይቀንስ ይችላል። ያም ሆኖ በታዳጊ አገሮች ድርሻው ከ23 በመቶ ገደማ ወደ 13 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ትልቅ ውጤት ነው። በ2015 ደግሞ 193 አገሮች 17ቱን ግቦችና 169ኙን ዒላማዎች ተቀበሉ። ግብ 2 በግማሽ መቀነስን ትቶ ረሃብን በ2030 ጨርሶ ማጥፋት አለ።

አሁን የት ነን? የተባበሩት መንግሥታት ግምት እንደሚለው በ2024 ወደ 673 ሚሊዮን ሰው ተርቧል። ከዓለም ሕዝብ 8.2 በመቶ መሆኑ ነው። ጤናማ ምግብ ለመግዛት አቅም ያጣው ሰው ደግሞ 2.6 ቢሊዮን ገደማ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጪና እያቸው። ሁለተኛው ከማሳ ይልቅ ስለ ኪስ ነው የሚናገረው።

ግብ 2 ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ምርት ማሳደግ ነው። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ መስኖ። ግን መለኪያው ራሱ ምን እንደሚጠይቅ ተመልከቺ። ለዚህ ግብ ከሚያገለግሉት ዋና መለኪያዎች አንዱ የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት ያዘጋጀው ባለ 8 ጥያቄ መጠይቅ ነው። ባለፉት 12 ወራት ምግብ አይበቃንም ብላችሁ ሰግታችኋል? የምትበሉት ዓይነት አንሷል? ሳትበሉ ያለፋችሁት የምግብ ሰዓት አለ? ቀኑን ሙሉ ጦማችሁን ውላችኋል? እያለ ይወርዳል። ሁሉም ጥያቄ የታሰረው ግን በአንድ ሐረግ ነው፦ በገንዘብ ወይም በሌላ አቅም ማጣት ምክንያት። ስለ ማሳ ስፋት አይጠይቅም፤ ስለ ኩንታልም አያነሳም። ቤት ለቤት ስዞር ደጋግሜ ያየሁትም ይህንኑ ነው። አምራች የሆኑ ቤተሰቦች ሳይቀሩ ምርት እንደገባ ለዕዳ ሲሉ በርካሽ ይሸጣሉ። ከወራት በኋላ ያንኑ እህል በውድ ይገዛሉ። እዚህ ቤት የጎደለው ምርት ብቻ አይደለም፤ ብድር፣ ማከማቻ፣ ከእርሻ ውጭ የሚገኝ ገቢ ጎድሏል። ግብ 1 (ድህነትን ማጥፋት) እና ግብ 8 (ጥሩ ሥራና የኢኮኖሚ ዕድገት) ማለት እነዚህ ናቸው።

ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1943 በሕንድ የደረሰውን የቤንጋል ረሃብ መርምሮ የተከራከረውም በዚሁ ነጥብ ላይ ነው። አገሩ ውስጥ የነበረው እህል ከቀደሙት ዓመታት ያን ያህል አላነሰም ነበር። የሩዝ ዋጋ ግን ከቀን ሠራተኛው ገቢ በጣም ርቆ ሄደ።

ሁለተኛው ጠንካራ ግንኙነት ውሃ ነው። ይህን ብዙ ፕሮፖዛል ይዘለዋል፤ እኔን በጣም የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ቤት ውስጥ ምግብ አለ፤ እናት ታበላለች፤ ሕፃኑ ግን አያድግም። ስትጠይቂ ተቅማጡ ይመላለስበታል። የሚጠጣው ውሃ ንጹሕ አይደለም፤ መጸዳጃ ቤት የለም። የሚበላው ሰውነቱ ላይ አይቀርም ማለት ነው። በ2024 ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ የዓለም ሕፃናት 150 ሚሊዮን ያህሉ የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ ነበሩ። ይህን ቁጥር በእህል ብቻ ማውረድ አይቻልም። ፕሮጀክትሽ ሕፃናትን የሚመለከት ከሆነ ግብ 6ን (ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ) ለቅጹ ሳይሆን ለበጀቱ አስቢው።

ከውሃ ጋር የሴቶች ጊዜ ይመጣል። ውሃ ለመቅዳት ግማሽ ቀን የምትሄድ እናት ሕፃኑን በሰዓቱ አብልቺ ብትባል ከየት ታመጣዋለች? መሬቱ በስሟ ካልሆነ ደግሞ ብድርም አታገኝም። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት በግብርናና ምግብ ሥራ ላይ በሴትና በወንድ መካከል ያለው የምርታማነትና የደመወዝ ክፍተት ቢዘጋ የምግብ ዋስትና የሌላቸው ሰዎች በ45 ሚሊዮን ያህል ይቀንሳሉ ብሏል። ግብ 5 (የጾታ እኩልነት) «ሴቶችም ይሳተፋሉ» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የሚታለፍ አይደለም።

ሰላም እና የአየር ንብረት የታወቁ ስለሆኑ አላረዝማቸውም። የጸጥታው ምክር ቤት በ2018 በውሳኔ ቁጥር 2417 ሰላማዊ ሰዎችን ማስራብን እንደ ጦር ስልት መጠቀምን አውግዟል። የአንቺ ፕሮጀክት ጦርነት አያስቆምም። መንገድ ቢዘጋ ምን እንደምታደርጉ ግን ስጋቶች በሚለው ክፍል ጻፊው።

ጥቂት ሰው የሚጽፈው ደግሞ ግቦቹ እርስ በርስ የሚጋጩበትን ቦታ ነው። በግብ 2 ሥር ያለው ዒላማ 2.3 የአነስተኛ አምራቾችን ምርታማነትና ገቢ እጥፍ ማድረግ ይላል። ጥሩ ነው። ግን ሰው ከወንዝና ከከርሰ ምድር ከሚወስደው ንጹሕ ውሃ 70 በመቶ ያህሉ ለግብርና ነው የሚውለው። ላይ ያለው ገበሬ በፓምፕ ሲስብ ታች ያለው መንደር ይደርቃል። የአንዱ ምግብ ዋስትና በሌላው ኪሳራ ከሆነ በሪፖርቱ ላይ ስኬት ይመስላል፤ ስኬት ግን አይደለም። ይህን በግልጽ የጻፈ ፕሮፖዛል ሳነብ ጸሐፊው ቦታውን እንደሚያውቀው ይገባኛል።

ስለዚህ ሦስት ግንኙነት ምረጪ፤ ቢበዛ አራት። ለእያንዳንዱ በየትኛው መንገድ ቤተሰቡ ጋ እንደሚደርስና በምን እንደሚለካ ጻፊ። «ለግብ 6 አስተዋጽኦ ያደርጋል» አይበቃም። «ውሃ ለመቅዳት የሚወስደው ጊዜ ይቀንሳል፤ የሕፃናት ተቅማጥ ይቀንሳል፤ ሁለቱንም በመጀመሪያና በመጨረሻ እንለካለን» ሲባል ግን ገምጋሚው የሚይዘው ነገር ያገኛል። ብክነትም ካለ ግብ 12ን (ኃላፊነት የተሞላበት ፍጆታና ምርት) ጨምሪ፤ እዚያ የሚቆጠረው ከአጨዳ በኋላ የሚበላሸውን ጭምር ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር ስለ መነሻ ጥናቱ፣ ፕሮጀክቱ ሳይጀመር ስለሚደረገው ልኬት። የመነሻውንና የማጠቃለያውን ጥናት በአንድ ዓይነት ወር አድርጉት። መነሻው ጎተራ ባዶ በሆነበት ወር፣ ማጠቃለያው ምርት በገባ ማግስት ከተሠራ ፕሮጀክቱ ምንም ባይሠራ እንኳ ረሃብ የቀነሰ ይመስላል። የጊዜ ሰሌዳውን ከመላክሽ በፊት የአካባቢውን የመኸር ወቅት አጣሪ። ረቂቁን እዚህ ብትለጥፊው የመለኪያውን ክፍል አብሬሽ አየዋለሁ።