950 ጊጋ ፋይል፣ 931 ጊጋ የሚያሳይ ዲስክ ላይ ይገባል?

የዛሬው ጠያቂ ቪዲዮ አቀናባሪ ነው። ማክ ኮምፒውተሩ ላይ የተጠራቀመው ሥራ 950 ጊጋባይት ደርሷል። ማስቀመጫ እንዲሆነው ባለ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ገዛ። ዊንዶውስ ላይ ሰክቶ ሲያየው ግን 931 ጊጋ ብቻ ሆኖ አገኘው። «ወደ 70 ጊጋ ተበላሁ ማለት ነው? 950ው ታዲያ 931 ውስጥ እንዴት ይገባል? ካልሆነ በኢንተርኔት ልላከው?» ይላል።

ወንድሜ፣ አልተበላህም። ፋይልህም ይገባል።

ዲስኩ ላይ ያለው ባይት ያው ነው፤ የተለያየው አቆጣጠሩ ነው። የዲስክ አምራቾች 1 ጊጋ ሲሉ 1,000,000,000 ባይት ማለታቸው ነው። ዊንዶውስ ደግሞ 1,073,741,824 ባይት (1024 × 1024 × 1024) ካልሞላ 1 ጊጋ አይልም። ካልኩሌተር አውጣና አብረን እንይ። 1 ቴራ ማለት 1,000,000,000,000 ባይት ነው። ለ1024 ስታካፍለው 976,562,500 ይሰጥሃል፣ ያንን እንደገና ለ1024 ስታካፍል 953,674 እና ትንሽ ሽርፍራፊ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ስታካፍል 931.3። ያየኸው ቁጥር እሱ ነው።

ይሄ 1024 ከየት መጣ ካልክ፣ ኮምፒውተር በሁለት በሁለት ነው የሚቆጥረው። 2ን አሥር ጊዜ በራሱ ስታባዛው 1024 ይመጣል። ለ1000 ስለሚቀርብ «ኪሎ» ተባለ። ኪሎ ላይ ልዩነቱ 2.4 በመቶ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም ነበር፤ ግን በየደረጃው እየተባዛ ስለሚሄድ ጊጋ ላይ 7.4 በመቶ፣ ቴራ ላይ 10 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በ1998 እ.ኤ.አ. ለ1024ቱ አቆጣጠር ኪቢባይት፣ ሜቢባይት፣ ጊቢባይት የሚሉ የራሱ ስሞች ወጡለት። ዊንዶውስ ግን በ1024 እየቆጠረ ዛሬም «ጊጋባይት» ብሎ ይጽፋል። እንደኔ ግራ የሚያጋባው ይሄ ነው። ስሌቱ ልክ ነው፣ የተለጠፈበት ስም ግን የሌላ ነው።

ማክ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደ ዲስክ አምራቾቹ በ1000 ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ያንተ 950 ጊጋ 950,000,000,000 ባይት ነው። ይሄንኑ ፋይል ዊንዶውስ ላይ ብታየው 884.8 ጊጋ ይልሃል። 931 ውስጥ ገብቶ ወደ 46 ጊጋ ይተርፍሃል።

አሁን ግን ጠንቀቅ በል። 950ውን ያነበብከው ዊንዶውስ ላይ ቢሆን ኖሮ መልሴ ይገለበጥ ነበር። ያኔ ፋይሉ 1,020,054,732,800 ባይት ነው፣ 1 ቴራ ላይ አይገባም። ሌሊቱን ሙሉ ሲገለበጥ ያደረ ሥራ፣ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው «ቦታ የለም» ብሎ ሲቆም በዓይኔ አይቻለሁ። በጣም ያበሽቃል። ስለዚህ ጊጋን ከጊጋ ጋር አታወዳድር፣ ባይትን ከባይት ጋር አወዳድር። ዊንዶውስ ላይ ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ ነክተህ ፕሮፐርቲስ ስትል፣ ማክ ላይ ደግሞ ጌት ኢንፎ ስትል፣ ከጊጋው አጠገብ ረጅሙ የባይት ቁጥር አብሮ ይወጣል። እሱ የትም ቦታ አይለዋወጥም።

በኢንተርኔት መላኩን በተመለከተ፣ እዚያ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የኢንተርኔት ፍጥነት የሚነገረው በባይት ሳይሆን በቢት ነው። 8 ቢት 1 ባይት ስለሆነ፣ «100 ሜጋ» የተባለው መስመር በሰከንድ ቢበዛ 12.5 ሜጋባይት ነው የሚያሻግረው። 950 ጊጋህ 950,000 ሜጋባይት ነው፤ ለ12.5 አካፍለው፣ 76,000 ሰከንድ፣ ማለትም ከ21 ሰዓት በላይ። ያውም መስመሩ አንዴም ሳይዋዥቅ። ብዙ ጊዜ ደግሞ የመላኪያው ፍጥነት ከመቀበያው ያንሳል። የአንተ መላኪያ 10 ሜጋቢት ከሆነ ወደ 9 ቀን ይፈጅብሃል። በዲስክ ውሰደው።

ከመገልበጥህ በፊት ግን ዲስኩ በምን ፎርማት፣ ማለትም ፋይሎችን በሚያደራጅበት በየትኛው ዘዴ፣ እንደተዘጋጀ እይ። ኤንቲኤፍኤስ ከሆነ ማክ ያነበዋል እንጂ በራሱ አይጽፍበትም። ፋት32 ከሆነ ደግሞ 4 ጊጋ የሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ ለቪዲዮ ሰው ጭራሽ አይሆንም። ኤክስፋት አድርገው፣ ማክም ዊንዶውስም ይሠሩበታል። ፎርማት ሲደረግ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶ ሳለ አሁኑኑ አድርገው። ገልብጠህ ስትጨርስ የሁለቱን ፎልደሮች የፋይል ብዛትና ባይት አስተያይ፣ ትልልቆቹን ቪዲዮዎች ከዲስኩ ላይ ከፍተህ ሞክር። እስከዚያ ማኩ ላይ ያለውን እንዳትሰርዝ።