መልስ፦ አያትሽን ከለገሃር ጣቢያ ጋር ስለማዋሃድ

እህቴ፣ ቤት ውስጥ በመስኮት ብርሃን ያነሳሻቸውን አያትሽን ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት አስቀምጠሽ ለውድድር ስትሠሪ «ለምን ተቆርጠው የተለጠፉ ይመስላሉ?» ብለሻል። ችግሩ ፎቶሾፑ ሳይሆን ብርሃኑ ነው። የሳቸውን ፊት ለስላሳ ብርሃን ከግራ ያገኘዋል፤ ጣቢያውን ያነሳሽው ግን በቀትር ነው። የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ከአናት ወርዶ ጥላውን ስለታም ያደርገዋል፤ ይህን ደግሞ በምንም ማስተካከያ አትሸፍኚውም። ስስ ደመና ባለበት ጠዋት ሂጂና ፀሐይን በግራ አድርገሽ ሕንፃውን ድጋሚ አንሺው።

ካሜራውን እሳቸውን ባነሳሽበት ከፍታ ያዢ፤ ዙሙንም አትቀያይሪ። ተቀምጠው ስለነበር ከወገብሽ በላይ አትውጪ፤ አለዚያ የአድማሱ መስመር አይገጥምም፣ ዓይንም ወዲያው ይነቃበታል። ነጠላቸውን በአውቶማቲክ መቁረጫ እንዳትነኪው። ጨርቁ ስስ ስለሆነ ጠርዙ ላይ ከጀርባ ያለው ሕንፃ ትንሽ ማሳየት አለበት፤ ስለዚህ በማስክ (የምስሉን ክፍል ሳያጠፋ በሚሸፍነው መሣሪያ) እና በደካማ ብሩሽ ቀስ እያልሽ ሥሪው (ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው)። መጨረሻ ላይ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ግሬይን (እንደ ፊልም ፎቶ ያለ የደቃቅ ነጠብጣብ ሸካራነት) ስጪ።

ሐሳብሽን ወድጄዋለሁ። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1929 የተመረቀ ስለሆነ ለአያት ፎቶ ይሄዳል። ጣቢያው ፊት ያለውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ግን ተይው፣ ፖስትካርድ ያደርግብሻል።

ደንቡንም አንብቢ፦ እንደ ወርልድ ፕሬስ ፎቶ ያሉ የፎቶ ጋዜጠኝነት ውድድሮች በነጠላ ፎቶ ዘርፍ እንዲህ ያለ ማዋሃድ አይቀበሉም። በፈጠራ ዘርፍ አስገቢው፤ ዳኞች ሊጠይቁሽ ስለሚችሉ የመነሻ ፋይሎቹን አታጥፊ።