አርባ ሁለቱን ፖስትካርዶች ልተዋቸው?

ጥያቄ

ይድረስ ለእትዬ፤ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። ዕድሜዬ 36 ነው፤ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። በየዓመቱ ነሐሴ ሲገባ ፖስትካርድ እገዛለሁ። ልጆቹ ሲተኙ ማታ ማታ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ከእናቴ የወረስኩት ልማድ ነው። ባለፈው መስከረም ለ42 ሰው ጻፍኩ። ግማሹን በፖስታ ቤት፣ ግማሹን በሰው እጅ ላክሁ። «ደርሶኛል» ያሉኝ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ዋሽንግተን ያለችው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ የአበባ ስቲከር ላከችልኝ፤ በቃ። ባለቤቴ «ለካርድና ለቴምብር ያወጣሽው አንድ ደህና ዶሮ ይገዛ ነበር» ይለኛል። የሥራ ባልደረቦቼም «በዚህ ዘመን ፖስትካርድ?» እያሉ ይገረማሉ። ነሐሴ ደግሞ መጣ። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ልፋቴ ዋጋ አለው ወይስ ልተወው?

ሰ. ነኝ፤ ከሐዋሳ

መልስ

ውድ ሰ.፤ ደብዳቤሽን በእጅሽ ጽፈሽ ስለላክሽልኝ አስቀድሜ አመሰግንሻለሁ። «ሐዋሳ»ን በሐመሩ ሐ ጣል አድርገሽ ስትጽፊ ሳይ ጥሩ አስተማሪ እንደነበረሽ ገባኝ። ይህን የምልሽ 31 ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ነው። የእጅ ጽሑፍ ሳይ ከፊደሉ ጀርባ ያለውን ሰው መፈለግ ለምዶብኛል።

ሳላንዛዛ መልሴን ልንገርሽ። ልማዱን ተይው አልልሽም። 42ቱን ግን ተይ።

ለምን እንደዚያ እንደምል የማስረዳሽ በእናቴ ታሪክ ነው።

ያደግኩት ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ታላቅ ወንድሜ በ1975 የትምህርት ዕድል አግኝቶ ኪየቭ ሄደ። ያኔ ብዙ ልጆች ወደ ሶቪየት ኅብረት ይሄዱ ነበር። በዚያው ዓመት ለገና አንድ ፖስትካርድ ላከ። አባቴ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት የፖስታ ሳጥን በኩል ነው የመጣው። ሥዕሉ በረዶ የለበሰ ጥድ ነው፤ ከጥዱ ኋላ ጫፉ ላይ ቀይ ኮከብ ያለበት ግንብ ይታያል። የእነሱ የአዲስ ዓመት ካርድ ነው፤ እሱ ለእኛ ገና አደረገው። በታኅሣሥ የተላከው ካርድ እጃችን የገባው በየካቲት ነው። እናቴ «ዘንድሮ ገና ሁለቴ መጣልኝ» አለች።

ጀርባው ላይ የተጻፈው አራት መስመር ብቻ ነበር። እስካሁን በቃሌ አውቀዋለሁ። «እማ፣ እንኳን አደረሰሽ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ያለው ብርድ የጦሳን ውርጭ ያስረሳል። ሌሊት የማጠናው የሰጠሽኝን ጋቢ ለብሼ ነው።»

ይህን ካርድ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩላት እግዜር ይወቀው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከቡፌው መስታወት ላይ ታወርደውና «እስቲ አንብቢላቸው» ትለኛለች። ከመጀመሪያው ስጀምር አትታገሠኝም። «እሱን ተይው፣ ጋቢው ጋ ሂጂ» ትላለች። እንኳን አደረሰሽ የሚለውን ማንም ይላታል፤ ጎረቤቱም፣ ሬዲዮውም ይላታል። ጋቢውን ለብሶ እንደሚያጠና ሊነግራት የሚችለው ግን ልጇ ብቻ ነው።

ካርዶቹ እየበዙ ሲሄዱ እናቴ በሥዕላቸው ለየቻቸው። «ባለ በረዶዋን አምጪ» ስትል የጋቢዋ ናት። «ባለ ደወሏ» ፈተና ያለፈበት ዓመት። «ባለ ሰማያዊዋ» ደግሞ አባቴ ታሞ በነበረ ጊዜ የመጣችው። ማንበብ የማትችል ሴት ሥዕሉን አይታ መልእክቱን ታውቀው ነበር።

እዚህ ላይ ግን አልዋሽሽም። ዘመኑ ተለወጠ፤ ወንድሜም ጀርመን ኑሮውን መሠረተ፤ ስልክም እጃችን ገባ። በኢሞ ድምፁን እየቀረጸ ይልክላት ጀመር። ለእናቴ ይህ ከካርዱ ይበልጥ ነበር። አንባቢ አላስፈለጋትም። በራሷ ጣት ተጭና፣ ብቻዋን፣ የፈለገችውን ያህል ሰማችው። ሲያስለው ትሰማለች፣ ሲስቅ ትሰማለች። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ «ካርድ ሁልጊዜ ከስልክ ይበልጣል» ቢልሽ አትመኚው። ለማያነብ ሰው፣ ዓይኑ ለደከመ ሰው ድምፅ ላኪ። ከዝርዝርሽ ውስጥ እንዲህ ያሉ አዛውንቶች ካሉ ዘንድሮ ካርዱን ትተሽ ደውዪላቸው።

ነገር ግን ያ ስልክ አንድ ቀን የውሃ ባልዲ ውስጥ ገባ። ሊጠገን አልቻለም። እናቴ «የልጄ ድምፅ የት ሄደ?» እያለች ሳምንት ሙሉ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። በ2011 ሐምሌ ላይ አረፈች። ሳጥኗን ስንከፍት ከነጠላዋ ሥር ዘጠኝ ፖስትካርዶች ነበሩ። ባለ በረዶዋ ከላይ ናት።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። የታተመ የገና ካርድ እንዴት እንደተጀመረ ታውቂ ይሆን? በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1843 ለንደን ውስጥ ሄንሪ ኮል የሚባል ሰው ነበር። የፖስታ ዋጋ ረክሶ ስለነበር ለገና የሚጎርፍለት ደብዳቤ በዛበት። ለሁሉም መልስ የሚጽፍበት ጊዜ አጣ። ጆን ሆርስሊ በሚባል ሠዓሊ አንድ ሥዕል አሠራ፤ 1,000 ቅጂም አሳተመ። ከላይ የተቀባዩ ስም፣ ከታች የላኪው ስም የሚገባበት ባዶ ቦታ ተትቶለታል። ከእሱ የተረፈው እያንዳንዱ በ1 ሺሊንግ ተሸጠ። የመጀመሪያው ለሽያጭ የቀረበ የገና ካርድ ይህ ነው።

አየሽ፣ ካርዱ የተወለደው ድካም ለመቀነስ ነው። የዚያን ዘመን ፎርዋርድ ነበር ብል አልተሳሳትኩም። ስለዚህ «መልካም አዲስ ዓመት» የሚል የታተመ ካርድ ገዝተሽ ስምሽን ብቻ ፈርመሽ ብትልኪ፣ ከቴሌግራም መልእክት የሚለየው በቴምብሩ ብቻ ነው። ለ42 ሰው፣ ማታ፣ ደክሞሽ ስትጽፊ ደግሞ ከሃያኛው በኋላ ያለው እንዲያ መሆኑ አይቀርም። እኔም አድርጌው ስለማውቅ ነው። አንድ ዓመት ለ30 ሰው ጽፌ፣ ስጨርስ ለማን ምን እንዳልኩ አንዱንም ማስታወስ አልቻልኩም።

በሌላ በኩል መስከረም 1 ቀን 2018 ስልኬ ላይ ከገቡት መልእክቶች አንዱ እንዲህ ይላል፦ «እንኳን ከዘመነ ዮሐንስ ወደ ዘመነ ማቴዎስ በሰላም አሸጋገራችሁ።» የተሸጋገርነው ከማቴዎስ ወደ ማርቆስ ነበር። የ2017ቱ መልእክት ነው፤ ላኪው ሳያነበው አስተላልፎታል። ላኪው የምወደው ሰው ስለነበር አዘንኩ። ስሜን ሳያስብ እንደላከው ገባኝ። ዝም ቢለኝ ያን ያህል አይሰማኝም ነበር።

እኛ ዘንድ እኮ ካርድ ከውጭ ከመምጣቱ ጋር ያልተያያዘ የራሳችን ወግ አለን። ሴቶቹ ልጆች አደይ ይዘው አበባየሆሽ ሲሉ፣ ወንዶቹ በቀለም የሣሉትን ይዘው በር ያንኳኳሉ። መልአክ ይሥላሉ፣ አበባ ይሥላሉ፣ ፀሐይ ይሥላሉ። ሳንቲም ትሰጫቸዋለሽ፤ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ትለጥፊያለሽ። የክፍሌ ተማሪዎች ነሐሴ ላይ ከለር አልቆባቸው በቡና አተላና በቅጠል ጭማቂ ሲቀቡ አይቻለሁ። እያንዳንዱ ወረቀት በልጁ እጅ ተሠርቶ በልጁ እጅ ነው የሚደርሰው። የሱቅ ካርድ ውድ ሆኖብሽ ከሆነ ልጆችሽን አስቀምጪያቸውና ይሣሉልሽ። ጀርባው ላይ አንቺ ትጽፊያለሽ። የባልሽ ዶሮም አይነካም። ባልሽ ስለ ዶሮው ልክ ነው፤ በዚህ ኑሮ የበዓል ወጪ ቀላል ነገር አይደለም፤ አትከፊበት።

ታዲያ ለማን ትጽፊ? መጀመሪያ «ደርሶኛል» ያሉሽን ሦስቱን አስቢ። እነማን እንደሆኑ አልነገርሽኝም። እኔ ግን ብቻቸውን የሚኖሩ ወይም ዕድሜያቸው የገፋ ናቸው ብዬ እገምታለሁ። እነሱን አታስቀሪ። ከዚያ ደግሞ ስልክ የማትደዋወሉትን፣ ግን ውለታቸው ያለብሽን ጨምሪ። ያስተማረሽ ሰው። ልጅሽን ያዋለደች ነርስ። የድሮ አከራይሽ። እንዲህ ያለ ሰው በበዓል ስልኩ አይጨናነቅም። እኔ ዘንድሮ ለሰባት ሰው እጽፋለሁ፤ ከዚያ አላልፍም።

በካርዱ ላይ ከሰላምታው ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ ጻፊ፤ ከአንቺ በቀር ማንም ሊጽፈው የማይችለውን። «ያኔ የሰጡኝ የጤና አዳም ችግኝ አሁን አጥሩን ሞልቶታል» በዪ። «ልጄ የእርስዎን አረማመድ ይዛለች» በዪ። ይህ ካልመጣልሽ ለዚያ ሰው ዘንድሮ አትጻፊ። ስትደርሺበት ትጽፊለታለሽ።

አድራሻውንም አጣሪ። ከላክሻቸው 42 ካርዶች ስንቱ በትክክል እንደደረሰ አታውቂም። እኛ አገር ፖስታው በአብዛኛው የሚገባው በሣጥን ቁጥር ነው፤ ሰው ሥራ ሲለውጥ ቁጥሩም ይለወጣል። «አልመለሱልኝም» ብለሽ ከመከፋትሽ በፊት ደውለሽ «የፖስታ ሣጥንህ ያው ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ሣጥን ለሌለው ሰው፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ካገኘሽ በእጅ ላኪ፤ ፖስታውን ግን አሽጊው። ውጭ ላለ ሰው ነሐሴ ሳይጋመስ ፖስታ ቤት ይድረስ። ዘንድሮ ከረፈደብሽ ለገና አድርጊው። የእኛ ገና ከእነሱ 13 ቀን ዘግይቶ ስለሚመጣ፣ የሰፈራቸው መብራት ሁሉ ከወረደ በኋላ የሚደርስ ካርድ ብቻውን ነው የሚነበበው።

የአክስትሽን ልጅ ስቲከር ደግሞ አትናቂባት። ውጭ ያሉ የዘመዶቼ ልጆች መስከረም 1 ሥራ ላይ ናቸው፤ በዓል መሆኑን የሚያስታውሳቸው ስልካቸው ነው። በእረፍት ሰዓቷ ይሆናል የላከችው። ካርድሽ ማቀዝቀዣዋ በር ላይ ተለጥፎ ዓመቱን ሙሉ ከርሞ እንደሆነስ? ጠይቂያት።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ይህን ሳልነግርሽ ማለፍ አልፈልግም። ሰው የሞተበት ቤት የመጀመሪያውን በዓል በጣም ይፈራዋል። እናቴ በሐምሌ አርፋ መስከረም ሲመጣ አንድ ባለ ወርቃማ ጽጌረዳ ካርድ «የደስታ ዓመት ይሁንልዎ» የሚል ደረሰኝ። ላኪዋ አልሰማችም፤ ቅሬታ የለኝም። ግን ገልብጬ አስቀመጥኩት። በዚያው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ላከልኝ። «ቲቸር፣ ዘንድሮ በዓሉ እንደሚከብድዎ አውቃለሁ። እማማ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ይሰጡን የነበረው ቆሎ ትዝ ይለኛል» ይላል። ሥዕል የለውም፣ ቀለም የለውም። አሁን ባለ በረዶዋ አጠገብ ነው ያለው። ስለዚህ ዝርዝርሽን ስታወጪ በዚህ ዓመት ሐዘን የገባበት ቤት እንዳለ አስቢ። የሚያብረቀርቅ ካርድ አትላኪ። ከቻልሽ ሂጂ፤ ካልቻልሽ ነጭ ወረቀት ላይ የሟቹን ስም ጠርተሽ ጻፊ።

ሌላ አጭር ጥያቄ

እትዬ፣ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። በር ለበር የሆንን ሙስሊም ጎረቤቴ በየበዓላችን እንኳን አደረሰሽ ትለኛለች። ለዒድ ካርድ ልሰጣት ፈለግሁ፤ ምን ብዬ ልጻፍ?

መ. ነኝ

መልስ

ደሴ ላደገ ሰው ይህ ከጥያቄዎች ሁሉ ቀላሉ ነው። «ዒድ ሙባረክ» በዪ፤ ለዒድ አል ፈጥርም ለአረፋም ይሆናል። ዒድ አል ፈጥር ጨረቃ ታይታ ስለሚታወጅ ቀኑን ካርዱ ላይ ቀድመሽ አትጻፊ። ከሰላምታው ሥር ለሰ. የነገርኳትን አድርጊ፤ ስለ እሷና ስለ አንቺ አንድ መስመር። ልጅሽን የጠበቀችልሽ ቀን ካለ እሱን ጻፊ። ቴምብር አያስፈልግሽም። ከሶላት ተመልሰው ቤት ሲሰባሰቡ በሩን አንኳኪና በእጅሽ ስጪያት፤ ቁጭ በይ ካለችሽም ቁጭ በይ።