«ባታፈራ» ወይስ «ባታፈራም»?

ጥያቄ፦ የአራት ኪሎ ነዋሪ ነኝ። ፒያሳ ቡና ስንጠጣ ከጓደኛዬ ጋር በትንቢተ ዕንባቆም 3፥17-18 ተከራከርን። «ምንም እንኳ በለስም ባታፈራ» የሚለውን ጓደኛዬ «ምናልባት ወደፊት ባታፈራ ማለት ነው» ይላል። እኔ ደግሞ ነቢዩ ሁሉን አጥቶ የዘመረው ይመስለኛል። ደግሞስ «ባታፈራም» መባል አልነበረበትም?

መልስ፦ ጥቅሱን በ1954 ዓ.ም. ትርጉም እንዳለ ላስቀምጠው፤ ተቆርጦ ሲጠቀስ ሰዋስውም አብሮ ይቆረጣልና። «ምንም እንኳ በለስም ባታፈራ፥ በወይንም ሐረግ ፍሬ ባይገኝ፥ የወይራ ሥራ ቢጐድል፥ እርሾችም መብልን ባይሰጡ፥ በጎች ከበረቱ ቢጠፉ፥ ላሞችም በጋጡ ውስጥ ባይገኙ፥ እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል፤ በመድኃኒቴ አምላክ ሐሤት አደርጋለሁ።»

ከግሱ ፊት የገባው «ቢ» (በአሉታው «ባ») ነገሩ መድረሱንም አለመድረሱንም ለብቻው አይናገርም። አንድ ሰው «ምንም እንኳ ዝናብ ቢዘንብ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ በእግሬ ሄድሁ» ቢለኝ መዝነቡን አውቃለሁ። «እሄዳለሁ» ቢለኝ ግን ዝናቡ ገና ሊሆን ይችላል፤ እየወረደም ሊሆን ይችላል። «ቢዘንብ» በሁለቱም አንድ ነው፤ ፍርዱን የሰጠው ማሰሪያ አንቀጹ፣ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ ነው። በጥቅሳችን ማሰሪያዎቹ «ደስ ይለኛል» እና «አደርጋለሁ» ስለሆኑ ሰዋስው ለሁለታችሁም በሩን ክፍት ይተዋል።

ስለዚህ ከጥቅሱ በላይ ያለውን ማንበብ ያስፈልጋል። በምዕራፍ 1 ከለዳውያን (ባቢሎናውያን) ሊነሡ መሆናቸው ለነቢዩ ተነግሮታል። ከጥቅሱ በፊት ባለው ቁጥር 16 ከንፈሮቹ እየተንቀጠቀጡ የመከራውን ቀን ይጠብቃል። የሚጠበቅ ቀን ገና ያልደረሰ ቀን ነው፤ በዚህ ጓደኛዎ ልክ ናቸው። «ምናልባት» የምትለዋን ግን አልቀበላቸውም። ዕንባቆም ሊሆንም ላይሆንም የሚችል ነገር እየገመተ አይደለም፤ ጥፋቱ ሲመጣ እያየ ነው። «ጻድቅ ግን በእምነቱ በሕይወት ይኖራል» የሚለውም በዚሁ መጽሐፍ፣ 2፥4 ላይ ነው። ምስጋናውን ከዚያ እምነት ለይቼ ማንበብ አልችልም።

ወደ «ም» ልምጣ። ዛሬ ስንጽፍ «ምንም እንኳ ባታፈራም» ማለት ይቀናናል፤ ትክክል ነው። ያለ «ም» መጻፉም ስሕተት አይደለም። እዚህ ደግሞ መተዉ ይሻላል፤ ምክንያቱም «በወይንም»፣ «እርሾችም»፣ «ላሞችም» ላይ ያለው «ም» አንዱን ነገር ከሌላው የሚያያይዝ ነው። በየግሱ መጨረሻ ሌላ «ም» ቢጨመር አንደበት ይሰናከላል። አንድ ጊዜ የተባለው «ምንም እንኳ» ስድስቱንም ሐረጎች ይገዛል።

አንዳንድ ጥብቅ አራሚዎች «ምንም እንኳ» ካለ «ግን» ትርፍ ነው ይላሉ። በብዙ ጽሑፍ እስማማለሁ፤ እዚህ ግን አይነካብኝ! «ግን» የገባው «እኔ» ከሚለው ጋር ነው። አማርኛ ባለቤቱን በግሱ ውስጥ ስለሚይዝ «እኔ» ባይባልም ዓረፍተ ነገሩ ይቆማል። ስድስት ጊዜ ስለ ዛፍ፣ ስለ እርሻና ስለ ከብት ከተነገረ በኋላ ሰውየው ራሱን ለይቶ የሚያቆመው በእነዚህ ሁለት ቃላት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የምወደው ግን ማሰሪያዎቹን ነው። «ደስ ይለኛል» ውስጥ ተናጋሪው አድራጊ አይደለም፤ «ኝ» ተቀባይ ያደርገዋል፤ ደስታው ይመጣለታል። «ሐሤት አደርጋለሁ» ሲል ግን አድራጊው ራሱ ነው። ተርጓሚዎቹ ሆነ ብለው ይህን አስበዋል አልልም፤ «ደስ ይለኛል» የዘወትር አነጋገራችን ነውና። ሆኖም በአማርኛ የሚያነብ ሰው የተሰጠውን ደስታና በፈቃዱ የሚያደርገውን ሐሤት ጎን ለጎን ያገኛል።

ሁለት ቃላት እንዳያሳስቱ፦ «እርሾች» እርሻዎች ማለት እንጂ የሊጥ እርሾ አይደለም። «በለስ»ም በክረምት በየመንገዱ ዳር ተልጦ የሚሸጠው እሾሃሙ የቁልቋል በለስ አይደለም፤ ያ ተክል ከአሜሪካ ምድር የመጣ ስለሆነ ነቢዩ አያውቀውም።

በጉባኤ ፊት የሚያነቡት ከሆነ «ባይሰጡ» ላይ ደርሰው ድምፅዎን አይጣሉ። ምዕራፉ ለመዘምራን አለቃ፣ በአውታር ዕቃ እንዲዘመር የተሰጠ ነው፤ በግእዙ መዝሙረ ዳዊትም ከጸሎተ ነቢያት ጋር ይገኛል። በ«ቢ» የተንጠለጠለ ሐረግ ማሰሪያውን ሳያገኝ አያርፍምና ድምፁን እስከ «ደስ ይለኛል» ድረስ ከፍ አድርገው ይያዙት።