የሚና ጨዋታ አሳታሚዎች ደንብና ጀብዱ፦ ጥያቄና መልስ

የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታዎችን ለብዙ ዓመታት ስለመራሁ፣ የተለያዩ አሳታሚዎች ደንብንና ጀብዱን እንዴት እንደሚያዘጋጁ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። በእነዚህ ጨዋታዎች እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ፣ በጨዋታ መሪው እየተመራ አንድን ታሪክ በንግግርና በዳይስ ያራምዳል። ጀብዱ የምለው አሳታሚው አስቀድሞ ጽፎ የሚያወጣውንና የጨዋታ መሪው ለተጫዋቾቹ የሚያቀርበውን ታሪክ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ እና ፓዝፋይንደር የተባሉት ጨዋታዎች ከአንድ ምንጭ የመጡ ከሆነ፣ በአሳታሚዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

መልስ፦ ምንጫቸው በእርግጥ አንድ ነው። ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስን በ1974 ያሳተመው ቲኤስአር ሲሆን፣ ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት ድርጅቱን በ1997 ገዝቶ በ2000 ሦስተኛውን ዕትም ሲያወጣ ሌሎችም በደንቡ እንዲሠሩበት ክፍት ፈቃድ ሰጠ። ፓይዞ በ2009 ፓዝፋይንደርን ያወጣው በዚሁ ፈቃድ ነው። ብዙ ሰው ልዩነቱን በደንቡ ብዛት ይለካዋል፤ እኔ ግን ዋናው ነገር ደንቡ ዝም ባለበት ቦታ የሚፈርደው ማን ነው የሚለው ይመስለኛል።

አንድ የተቆለፈ በር እንውሰድ። በዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ ዕትም መሪው ለምሳሌ 15 የሚል ቁጥር ያስቀምጣል፤ ተጫዋቹ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ጥሎ የክህሎቱን ጭማሪ ሲደምር 15 ከሞላ በሩ ይከፈታል፣ ካልሞላ ምን እንደሚከተል የሚወስነው በአመዛኙ መሪው ነው። በ2019 በወጣው የፓዝፋይንደር ሁለተኛ ዕትም ግን ውጤቱ አራት እርከን አለው፤ ከተፈለገው ቁጥር በ10 የበለጠ የላቀ ስኬት ያገኛል፣ በ10 ያነሰ ደግሞ የመክፈቻ መሣሪያው ይሰበርበታል፤ ይህም በመጽሐፉ ተጽፎ ይገኛል። የመጀመሪያው ፍርዱን ለመሪው ይተዋል፤ ሁለተኛው ደንቡን ለማጥናት የሚጠይቀው ጊዜ ቢበዛም ጠረጴዛ ላይ የሚነሣውን ክርክር ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ አዲስ መሪ ነኝ፤ ውጊያው ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አቅቶኛል። የትኛው ያግዘኛል?

መልስ፦ ያለ ማመንታት የፓዝፋይንደር ሁለተኛ ዕትም። መሪው ለአንድ ውጊያ ጭራቆችን የሚመርጠው በነጥብ ነው፤ ለአራት ተጫዋቾች መካከለኛ ውጊያ 80 ነጥብ፣ ከባድ ውጊያ 120፣ እጅግ አስጊ ውጊያ 160 ነጥብ ይመደብለታል፤ ደረጃው ከተጫዋቾቹ ጋር እኩል የሆነ ጭራቅ ደግሞ 40 ነጥብ ይይዛል። ስሌቱ በተግባርም የሚታመን ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ የሁለቱ ጀብዱዎችስ እንዴት ይነጻጸራሉ?

መልስ፦ ፓይዞ ቀድሞ የመጽሔት አሳታሚ ስለነበር ያ ልማድ አልለቀቀውም፤ ከ2007 ጀምሮ ረጃጅም ታሪኮችን በተከታታይ ቅጾች፣ በመጀመሪያ በስድስት በስድስት ቅጽ፣ ሲያወጣ ኖሯል። ዊዛርድስ በአምስተኛው ዕትም ዘመን ያዘወተረው ሙሉ ዘመቻን፣ ማለትም ብዙ የጨዋታ ቀን የሚወስድ ረጅም ታሪክን፣ ከ200 ገጽ በላይ በሆነ አንድ መጽሐፍ መጠረዝን ነው። የዊዛርድስ መጽሐፎች ሰፊ ዓለም ከፍተው ተጫዋቹን ወዳሻው ይለቁታል፤ ነገር ግን በመግቢያው ላይ የተጠቀሰ አንድ ሰው ከብዙ ገጾች በኋላ ሲመለስ፣ ተጫዋቾች እየጠበቁ እሱን ፍለጋ ገጽ መግለጥ ያስጨንቃል። የፓይዞ ታሪኮች ቅደም ተከተላቸው የተጠበቀ ነው፤ እኔን የሚያሳዝነኝ በብዙ ገጽ የተጻፈው የባለ ታሪኮቹ ያለፈ ሕይወት ወደ ተጫዋቾቹ ጆሮ የሚደርስበት መንገድ ብዙ ጊዜ አለመዘጋጀቱ ነው።

ጥያቄ፦ ኬዮሲየም ያሳተመው ኮል ኦቭ ክቱሉ የተባለው የአስፈሪ ምርመራ ጨዋታ ደንብ ከ1981 ወዲህ ብዙም አልተለወጠም ይባላል። ይህ ድክመት አይደለም?

መልስ፦ እኔ እንደ ብርታት አየዋለሁ። ክህሎት በመቶኛ ይጻፋል፣ ዳይሱም ከ1 እስከ 100 ያለ ቁጥር ይሰጣል፤ ክህሎቱ 40 የሆነ ተጫዋች 40 ወይም ከዚያ በታች ከጣለ ይሳካለታል፣ ከባድ ሥራ ሲሆን ግማሹን ማለትም 20፣ እጅግ ከባድ ሲሆን አንድ አምስተኛውን ማለትም 8 ይፈለግበታል። ደንቡ ይህን ያህል ቀላል በመሆኑ ሸክሙን የሚሸከመው ጀብዱው ነው፤ ስለዚህም አሳታሚው ተጫዋቾች በእጃቸው ይዘው የሚያነቧቸውን ደብዳቤዎችና የጋዜጣ ቁራጮች በጥንቃቄ ያዘጋጃል።

አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። በአንድ ወቅት የመራሁት የምርመራ ጀብዱ (የማን እንደነበረ አልጠቅስም) ወሳኙን ፍንጭ በአንድ መሳቢያ ውስጥ ብቻ አስቀምጦት ነበር። ፈላጊው ዳይሱ ከዳው፤ አምስት ሰዎች አንድ ሰዓት ሙሉ ባዶ ቤት ውስጥ ተንከራተቱ። ፔልግሬን ፕሬስ ያሳተመው ጋምሹ የተባለው ሥርዓት ለዚህ ችግር የሰጠው መልስ በጣም ደስ ይለኛል፤ ተገቢው ክህሎት ያለው ሰው በተገቢው ቦታ ከፈለገ ዋናውን ፍንጭ ያለ ዳይስ ያገኘዋል፣ ጨዋታው የሚጀምረው ፍንጩ ምን ማለት እንደሆነ ከመተርጎም ነው።

ጥያቄ፦ የተጻፈ ጀብዱ ጭራሽ የማያስፈልጋቸው ጨዋታዎች አሉ?

መልስ፦ አሉ። በ2017 የወጣው ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ በጀብዱ ፋንታ አንዲት ከተማንና በውስጧ የሚፎካከሩ ቡድኖችን ይሰጣል። ተጫዋቾች ዝርፊያቸውን ለማቀድ አይደክሙም፤ ወደ ድርጊቱ በቀጥታ ገብተው፣ አስቀድመው የተዘጋጁበትን ነገር በኋላ በትዝታ መልክ ያስገባሉ።

ጥያቄ፦ የፈቃድ ጉዳይ ተራውን ተጫዋች ይመለከተዋል?

መልስ፦ ይመለከተዋል፤ አነስተኛ አሳታሚዎች የሚያወጧቸው ጀብዱዎች በፈቃዱ ላይ የቆሙ ናቸውና። በ2023 መጀመሪያ ዊዛርድስ ፈቃዱን ለመለወጥ ሲነሣ ተቃውሞው በርትቶበት፣ በዚያው ጥር የአምስተኛውን ዕትም መሠረታዊ ደንብ ማንም እንዲጠቀምበት በሚፈቅደው በክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቀቀው። ፓይዞም በዚያው ዓመት ከሌሎች አሳታሚዎች ጋር ኦርክ የተባለ የራሱን ክፍት ፈቃድ አወጣ።

ጥያቄ፦ ከመግዛቴ በፊት የትኛውን ልሞክር?

መልስ፦ የፓዝፋይንደር ደንብ አርካይቭስ ኦቭ ኔቲስ በተባለው ድረ ገጽ፣ የኮል ኦቭ ክቱሉ አጭር የጀማሪ ደንብ ደግሞ ከነጀብዱው በነፃ ይገኛል። ከኮል ኦቭ ክቱሉው ይጀምሩ፤ ከደንቡም በፊት ጀብዱውን ያንብቡ፣ አሳታሚው ደንቡ በየትኛው ቦታ ሥራ ላይ እንዲውል እንደፈለገ የሚታየው በእሱ ውስጥ ነው።