ሙቀትና ወበቅ ላምን ሲያስደግም

እህቴ፣ ሐርቡ ያለችው ዲቃላ ላምሽ ግንቦት፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ ተዳቅላ ሦስቱንም ጊዜ መልሳ ኮርማ ፈልጋለች ብለሻል። በሰው ሠራሽ ዘዴ የሚያዳቅላት ባለሙያ (አዳቃዩ) አባለዘሩ፣ ማለትም የኮርማው ዘር፣ ደህና ነው ይላል። ነጋዴው ደግሞ መክናለች፣ ለሥጋ ሽጫት ይልሻል። አብሽሪ፣ አትሽጫት። እኔ ኮምቦልቻ ላይ የወተት ላም ሳረባ ዓመታት አልፈዋል። በሙቀቱ ወራት እየደጋገሙ ጥቅምትና ኅዳር ላይ የያዙ ላሞች አሉኝ።

በስንት ቀኗ ነው የምትመለሰው? በ21 ቀን ገደማ ከሆነ ዑደቷ ደህና ነው። እንቁላሉ አልተዳቀለም፣ ወይም ጽንሱ ገና ከጅምሩ ሞቷል ማለት ነው። ሙቀት ደግሞ የሚጎዳው እዚሁ ላይ ነው። ጤነኛ ላም ሰውነቷ 38.5 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከተዳቀለች በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት ከ39.5 በላይ ከቆየ ጽንሱ የመትረፍ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል።

ወበቁ ነገሩን ያባብሰዋል። ላም ሙቀቷን የምታስወጣው በማለክለክና ከቆዳዋ በሚተን ላብ ነው። አየሩ እርጥበት ከጠገበ ላቡ አይተንም። ሐምሌ ላይ ዝናብ ጥሎ ፀሐይ ሲወጣ አየሩ ከግንቦት ቀዝቀዝ ያለ ቢመስልሽም እሷ የባሰ ልትጨነቅ ትችላለች። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌሊቱ ላሞቹን ያሳርፋቸዋል። እናንተ ጋ ቆላው ሌሊትም አይለቅም። የፈረንጅ ደሟ ከፍ ያለና ወተቷ የበዛ ላም ደግሞ ከራሷም ብዙ ሙቀት ታመነጫለች። የራያ ከብት ችሎት የሚውለው ሙቀት እሷን የሚጥላት ለዚህ ነው።

ሰው የሚስተው ቀጥሎ ያለውን ነው። እንቁላሉ ለመብሰል ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። ሰኔ ላይ ሙቀት የመታው እንቁላል ነሐሴ ላይ ሊወጣ ይችላል። አየሩ ከቀዘቀዘ በኋላም ሁለት ሦስት ዑደት ካላለፈ ላሟ በደንብ አታገግምም። ስለዚህ እኔ ኅዳር ሳይገባ በላም ላይ አልፈርድም። የጎረቤት ኮርማም መፍትሔ አይሆንሽም። እሱንም ሙቀት መትቶት ከሆነ ዘሩ ለሁለት ወር ገደማ ይደክማል፣ በዚያ ላይ በሽታ ሊያመጣ ይችላል።

ሌላው ድራቱ፣ ማለትም ኮርማ የምትፈልግበት ሰዓት ነው። በሙቀት ጊዜ ያጥራል፣ ከአሥር ሰዓት በታች የሚሆንበትም አለ። ቀን ላይ ሰውነቷ ስለሚዝል ምልክቱን አታሳይም። የሚታየው ሌሊትና ጎህ ሲቀድ ነው። ከመተኛትሽ በፊትና ንጋት ላይ ባትሪ ይዘሽ እይያት። ሌላ ላም ስትወጣባት ፀጥ ብላ ትቆማለች፣ ከብልቷ የጠራ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወርዳል። ጠዋት ካየሽ ከሰዓት በኋላ አመሻሹ ላይ፣ ማታ ካየሽ በማግስቱ በጠዋት ትዳቀል። አዳቃዩ አባለዘሩን የሚያዘጋጀው ጥላ ሥር ይሁን። ከተዳቀለች በኋላ ፀሐይ ላይ አታስኪጃት።

በረትሽ ዝቅ ያለ ቆርቆሮ ከሆነ ላዩን ሳር አልብሺው፣ ጎንና ጎኑን ክፈቺው። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው በነፋስ ነው። ውኃ ማርከፍከፍ የሚጠቅመው አየር ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። በታፈነ በረት ውስጥ ወበቁን ይጨምርባታል። የምትጠጣው ቀንም ሌሊትም አጠገቧ ይኑር። የምትታለብ ላም በሙቀት ቀን 80 ሊትርና ከዚያ በላይ ልትጠጣ ትችላለች። ፉርሽካውንና ፋጉሎውን ማታና ንጋት ላይ ስጫት፣ መኖ ሆዷ ውስጥ ሲብላላ ራሱ ያሞቃታልና። አሞሌው አይቋረጥባት።

አንድ ነገር ግን በሙቀት አታሳብቢ። መግል ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለ፣ ወይም ከዚህ በፊት አስወርዳ ከነበረ፣ የእንስሳት ሐኪም ይያት። በወተት ወደ ሰው የሚተላለፈው የውርጃ በሽታ (ብሩሴሎሲስ) ምርመራም ይደረግላት። እስከዚያው ወተቷን ሳታፈሉ አትጠጡ።

የተዳቀለችባቸውን ቀኖችና ከሰዓት በኋላ በቴርሞሜትር ለክተሽ ያገኘሽውን እዚህ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።