ጥያቄና መልስ፦ የከረሜላ ቀን

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ከረሜላ ናቸው። ምክንያቱም በአሜሪካ በየዓመቱ ኖቬምበር 4 «የከረሜላ ቀን» ተብሎ ስለሚከበር ወሬው በየስልኩ ይዞራል። ስለ ከረሜላ ማውራት በጣም ደስ ይለኛል፣ ስለዚህ የዛሬውን ገጽ ሙሉውን ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የከረሜላ ቀን የሚባለው የእውነት በዓል ነው ወይስ የነጋዴ ፈጠራ? ጓደኛዬ «የመሸጫ ዘዴ ነው» ብሎ ድርቅ አለብኝ።

ጓደኛህ ልክ ነው። ሥራ የሚዘጋበት በዓል አይደለም፣ ከረሜላ ሠሪዎችም ለገበያቸው ሲሉ ቀን መሰየም የጀመሩት ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ግን ነገሩን እዚያ ላይ አታቁመው። ኦክቶበር 8 ቀን 1921 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ 12 ከረሜላ ሠሪዎች ተሰባስበው «ስዊተስት ዴይ» («ከሁሉ የጣፈጠ ቀን» እንደማለት) የሚባል ሌላ ቀን አዘጋጁ። በዚያ ቀን ከ20,000 በላይ ሣጥን ከረሜላ ለጋዜጣ አዟሪ ልጆች፣ ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናት፣ ለአረጋውያንና ለድሆች አደሉ። እኔ እንዲህ ያሉ ቀኖችን የምወደው በዚህ ነው። ማክበር ከፈለግክ አንድ ከረጢት ገዝተህ ለሰው አድል፣ በቃ።

የመጀመሪያውን ከረሜላ የሠራው ማነው? ልጄ ጠይቃኝ መልስ አጣሁላት።

እህቴ፣ አንድ ሰው ጠርተን «እሱ ነው» ማለት አንችልም። የጥንት ግብፆች ፍራፍሬና ለውዝ በማር እየለወሱ ይበሉ ነበር፤ ዛሬ የምናውቀው ከረሜላ ግን ስኳር ይፈልጋል። ሸንኮራ አገዳ መጀመሪያ የለማው ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት በኒው ጊኒ ደሴት ነው። ሰው ግን ለብዙ ሺህ ዓመት አገዳውን እያኘከ ጭማቂውን ሲመጥ ኖረ እንጂ ስኳር አላወጣበትም። የታላቁ እስክንድር ሰዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ሕንድ ሲደርሱ፣ የባሕር ኃይል አዛዡ ኒያርኮስ ንብ ሳይኖር ማር የሚሰጥ ሸምበቆ መኖሩን ተናግሯል። ጭማቂውን አፍልቶ ሊጫን፣ ሊቀመጥና ሊሸጥ የሚችል ደረቅ ስኳር ማድረግ የተቻለውም እዚያው ሕንድ ውስጥ፣ በጉፕታ ነገሥታት ዘመን ነው። ከዚያ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዓረቡ ዓለም፣ ቀጥሎም ወደ አውሮፓ ተሻገረ።

አውሮፓ ሲደርስ ቅመምም መድኃኒትም ነበር። የሚሸጠው መድኃኒት ቀማሚዎች ዘንድ ነው፣ ውድ ስለነበር ተራው ሰው አይደፍረውም። የካቶሊክ ሃይማኖት ሊቁ ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በስኳር የተሠሩ ቅመሞች ጾም አያፈርሱም ብሎ ጽፏል፣ ምክንያቱም ሰው የሚወስዳቸው ለመጥገብ ሳይሆን ምግብ እንዲፈጭለት ነው። ዛሬ የጉሮሮ ከረሜላ ፋርማሲ ውስጥ ስታዪ የዚያን ዘመን ቅሪት እያየሽ ነው።

ቀጥሎ ያለው ለልጅ ለመንገር ይከብዳል፣ መዝለል ግን አይገባም። ስኳር የተራው ሰው እጅ የገባው በባሪያ ጉልበት ነው። ከ16ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን 12.5 ሚሊዮን ገደማ አፍሪካውያን በግድ መርከብ ላይ ተጭነው ወደ አሜሪካ አህጉሮች ተልከዋል። እጅግ ብዙዎቹ የተወሰዱት ብራዚልና ካሪቢያን ወዳሉት የሸንኮራ እርሻዎች ነው፣ እዚያም አገዳ ሲቆርጡና ጭማቂ ሲያፈሉ አለቁ። ልጅሽ ከፍ ስትል ይህንንም ንገሪያት፣ ከረሜላው ቢጣፍጥም ይህ ታሪኩ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1747 አንድሬያስ ማርግራፍ የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት የቀይ ሥር ዘመድ ከሆነ ተክል ስኳር አወጣ፣ ተማሪው ፍራንዝ አቻርድ ደግሞ በ1801 ፋብሪካ ከፈተበት። ስለዚህ ስኳር ከቀዝቃዛ አገር ማሳም ይገኝ ጀመር። በ1847 ቦስተን ውስጥ ኦሊቨር ቼዝ ክብ የጉሮሮ ከረሜላ የሚቆርጥ ማሽን ሠራ። አሜሪካ ውስጥ ከረሜላ ከሰው እጅ ወደ ማሽን የገባው በዚህ ነው። ልጅሽ የግድ አንድ ስም ካለችሽ የእሱን ንገሪያት፣ «የመጀመሪያው ከረሜላ ሠሪ» ሳይሆን «በአሜሪካ የመጀመሪያው የከረሜላ ማሽን ሠሪ» ብለሽ።

ቤት ውስጥ ከረሜላ ስሠራ አንዴ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል፣ አንዴ ደግሞ ጥርስ ላይ ይጣበቃል። ምን እያጠፋሁ ነው?

ይህን ጥያቄ ስለላክሽልኝ አመሰግናለሁ፣ ምክንያቱም የከረሜላ ዋናው ምሥጢር ያለው እዚህ ነው። ሁሉም ነገር የውሃ ጉዳይ ነው። ስኳርና ውሃ ስታፈዪ ውሃው እየተነነ በሄደ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል። 115 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ካወረድሽው ለስላሳ ይሆናል፣ ፈጅ የሚባለው ለስላሳ ከረሜላ የሚሠራው በዚህ ነው። 150 ዲግሪ ሲደርስ ግን ውስጡ የቀረው ውሃ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ሲቀዘቅዝ ኮሽ ብሎ የሚሰበር ጠንካራ ከረሜላ ይወጣል። ቴርሞሜትር ከሌለሽ ጠብታውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣይው። በጣትሽ የሚድቦለቦል ከሆነ ገና ነው፣ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል።

የሚንኮሻኮሸው ስኳሩ ተመልሶ ፍሬ ስለሚሠራ ነው። ድስቱ ጎን ላይ የቀረች አንዲት የስኳር ፍሬ ወደ ውስጥ ከወደቀች ሌሎቹ እሷ ላይ እየተደረደሩ ሁሉንም ያበላሹታል። ስለዚህ ስኳሩ ሟሙቶ መፍላት ከጀመረ በኋላ አታማስዪው። የድስቱን ጎን በእርጥብ ብሩሽ ጥረጊው። ትንሽ የሎሚ ጭማቂ ወይም ግሉኮስ ሲረፕ ጨምሪበት። ሎሚው የስኳሩን ከፊል ግሉኮስና ፍሩክቶስ ወደሚባሉ ቀላል ስኳሮች ይሰብረዋል፣ እነዚህ ደግሞ መሐል እየገቡ ፍሬው እንዳይደረደር ያደርጋሉ። ሎሚው ከበዛ ግን በተቃራኒው ይጣበቅብሻል። መጣበቅ ሌላም ምክንያት አለው፦ ቶሎ አውርደሽዋል፣ ወይም አየሩ እርጥብ ነው። ጠንካራ ከረሜላ ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ በዝናብ ቀን ባትሠሪው ይሻላል፣ እንደቀዘቀዘም ወዲያው ጥብቅ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አስገቢው። የተንኮሻኮሸውንም አትጣይው፣ ውሃ ጨምረሽ እንደገና አቅልጠሽ አፍዪው።

አደራ ግን፣ የፈላ ስኳር ከፈላ ውሃ በጣም ይብሳል፣ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ስትሠሪ ሕፃን ምድጃው አጠገብ አይኑር። ካቃጠለሽ ቶሎ ብለሽ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሺበት።

የጥጥ ከረሜላን የፈጠረው የጥርስ ሐኪም ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው! ዊልያም ሞሪሰን የሚባል በአሜሪካ የናሽቪል ከተማ የጥርስ ሐኪም ነው፣ በ1897 ከከረሜላ ሠሪው ጆን ዋርተን ጋር ሆነው ማሽኑን ሠሩት። በ1904 በሴንት ሉዊስ የዓለም ትርኢት ላይ አንዱን ሣጥን በ25 ሳንቲም 68,655 ሣጥን ሸጡ። ማሽኑ የቀለጠ ስኳር እያሽከረከረ በቀጫጭን ቀዳዳ ያወጣል፣ ስኳሩ አየር ሲነካው ወዲያው ክር ሆኖ ይደርቃል።

ልጆቼ ያን ቀን ከረሜላ እንዲበሉ ብፈቅድ ጥርሳቸውን እጎዳለሁ ወይ?

በአንድ ቀን ከረሜላ ጥርስ አይበላሽም። ጥርስን የሚጎዳው ድግግሞሹ ነው። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ባገኙ ቁጥር አሲድ ያመነጫሉ፣ ምራቅ ያንን አሲድ ለማስተካከል ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ አንድ አንድ እያነሱ የሚበሉት 10 ከረሜላ፣ ከምሳ በኋላ አንዴ ከሚበሉት 10 ከረሜላ በጣም ይብሳል። ይህ በደንብ የታየው ስዊድን ውስጥ በ1940ዎቹ ቪፔሆልም በተባለ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ተቋም በተካሄደ ጥናት ነው። ታካሚዎቹን ሳያስፈቅዱ ጥርሳቸው እስኪበላሽ ድረስ የሚጣበቅ ቶፊ አበሏቸው፤ ያሳዝናል፣ ያናድዳልም። ከውጤቱ በኋላ ስዊድናውያን ልጆች ከረሜላ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ብቻ እንዲበሉ ተመከሩ፣ ልማዱም እስካሁን አለ። እኔ ይህን ዘዴ እወደዋለሁ፣ ልጁ ቀኑን ይጠብቃል፣ ቀኑ ሲደርስም ሳይከለከል ይበላል። ከ4 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ግን ጠንካራ ከረሜላ አትስጡ፣ ሊያንቀው ይችላል።

ድብ የሚመስለው ላስቲክ ከረሜላ ውስጥ ሥጋ አለ ይባላል።

ሥጋ የለም፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጄላቲን አለ። ጄላቲን ከአሳማ ወይም ከከብት ቆዳና አጥንት ይወጣል። የእንስሳ ተዋጽኦ የማትበሉ ከሆነ ከፓኬቱ ጀርባ «ፔክቲን» የሚል ፈልጉ፣ እሱ ከፍራፍሬ የሚወጣ ነው።

አፍ ውስጥ የሚንጣጣው ከረሜላ ምንድነው? ወንድሜ ከለስላሳ ጋር ሊበላው ሲል «ሆድህ ይፈነዳል» ብዬ ከለከልኩት።

ይህ ወሬ ዕድሜ ጠገብ ነው፣ እውነት ግን አይደለም። የሚንጣጣው ለስላሳ ውስጥ ያለው ያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የቀለጠ ስኳር ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ያስገቡትና ሲደርቅ በጥቃቅን አረፋ ታስሮ ይቀራል፣ ምራቅ ስኳሩን ሲያሟሟው ይፈታል። ጄኔራል ፉድስ በሚባል የአሜሪካ የምግብ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ዊልያም ሚቼል በ1961 ፓተንት (የፈጠራ መብት) አግኝቶበታል። በ1970ዎቹ ገበያ ላይ ሲወጣ ልክ አንተ ያልከው ወሬ ተናፍሶ ኩባንያው በ1979 በጋዜጣ ማስታወቂያ እስከማስተባበል ደርሷል። ፓኬቱ ውስጥ ያለው ጋዝ ከአንድ ጣሳ ለስላሳ በጣም ያንሳል፣ ወንድምህ ቢበዛ ያገሳል። ምላሱ ላይ አድርጎ አፉን ከፈት ያድርግ በለው፣ ድምፁ በደንብ የሚሰማው እንደዚያ ነው።